በእህት ስም የተሰጠ ደም

ልጅቷን ቤተሰቡ ድንቡሼ ይላታል። ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች፤ አትሄድም፣ አትናገርም፤ ስትስቅ ግን ቤቱን ትሞላዋለች። ሐኪሟ ደሟን አስመርምራ፣ "ከአንዱ ክሮሞዞሟ ጫፍ ቁራጭ ጎድሏል፣ በሌላው ላይ ደግሞ ትርፍ አለ። እንዲህ ያለው አንዳንዴ ከወላጅ ይመጣልና እናትና አባትም ደም ስጡ" ስትል፣ ፀጉር ሠሪዋ እናት ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋቻት።

አማቷ ድንቡሼን ባየች ቁጥር፣ "በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም" ትላለች። ሹፌሩ ባሏ ዝም ይላል። ይበልጥ የምትፈራው ዝምታውን ነበር። "ከእኔ ነው ከተባለ አለቀልኝ፤ ትዳሬም አበቃለት" አለች ለታላቅ እህቷ።

እህቷ ሳቀችባት። "አንቺ ቦቅቧቃ! መርፌውን ስትፈሪ ኖረሽ፣ አሁን ደግሞ ውጤቱን?"

"እትዬ፣ በሞቴ አትቀልጂብኝ።"

"እሺ፣ እኔ እሰጥልሻለኋ። መታወቂያሽን አምጪ። ፎቶው እንደሆነ ጎረምሳ ነው የሚመስለው፤ ማን ይለየናል?"

እውነትም የእህትማማቾቹ መልክ ይምታታል። የእትዬ ደም ንጹሕ ነው ብለው ያመኑት የታመመ ልጅ ስላልወለደች ነው። እርግጥ ጤነኛም አልወለደችም፤ ሁለቴ አርግዛ ሁለቴም ወርዶባታል። ያንን ግን ከዚህ ጋር ያያያዘው አልነበረም።

ሹፌሩ ማለዳ ሥራ ሳይገባ ደሙን ሰጠ። እትዬ ከሰዓት በኋላ በእህቷ ስም ስትጠራ "አቤት" ብላ ገባች። ፀጉር ሠሪዋ ኮሪደሩ ላይ ድንቡሼን ታቅፋ፣ "አምላኬ ይቅር በለኝ" ትል ነበር። ከዚያ ወዲህም ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ የደንበኛ ፀጉር እየሠራች ስልክ በጮኸ ቁጥር ማበጠሪያው ከእጇ ይወድቃል።

ውጤቱ ደርሶ ሲጠሩ ሦስቱም አብረው ሄዱ። እትዬ ድንቡሼን አቅፋ ጥግ ያዘች።

"የአባት ደህና ነው" አለች ሐኪሟ። "የመጣው ከእናት ነው። አይዞሽ፣ አንቺ ላይ የጎደለ የለም፤ ቁራጮቹ ቦታ ተለዋውጠው ነው የተቀመጡት። ጤነኛ የሆንሽውም ለዚህ ነው። የማንም ጥፋት አይደለም። ግን እንዲህ ያለባት ሴት እርግዝና ሊወርድባት ይችላል። ወርዶብሽ ያውቃል?"

"ኧረ የለም" አለች ፀጉር ሠሪዋ።

ጥግ ላይ ድንቡሼ የእትዬን ጉትቻ ትጎትታለች። እትዬ አላስለቀቀቻትም። ፊቷ አመድ መስሏል።

ሹፌሩ የሚስቱን እጅ ያዘ። "እማማን ለእኔ ተያት። እኔ አናግራታለሁ" አለ።

ያን ያህል የፈራችው ነገር ይኸው በሁለት ቃል አለፈ። ዝም ብትል ሁሉም በሰላም ወደ ቤቱ ይገባል፤ እትዬ ብቻ የሰማችውን ይዛ፣ ምንም ሳትጠይቅ ትሄዳለች።

"ዶክተር" አለች ፀጉር ሠሪዋ። "ያ ደም የእኔ አይደለም።"

"ዝም በይ፣ አንቺ!" አለች እትዬ በሹክሹክታ።

"የእህቴ ነው። ሁለቴ ወርዶባታል። ለእሷ ይንገሯት።"

ሹፌሩ እጇን ለቀቀ።

ሐኪሟ ሁለቱን እህትማማቾች ተራ በተራ አየቻቸው። "እንግዲያው" አለች ወንበሯን ወደ እትዬ እያዞረች፣ "አንቺም ወዲህ ቅረቢ።" ከዚያ ወደ ፀጉር ሠሪዋ ዞር ብላ፣ "ሁለታችሁም ከአንድ ወላጅ ወርሳችሁት ይሆናል፤ ያንቺን ደም ደግሞ አሁን እንወስዳለን" አለች።

ፀጉር ሠሪዋ ወደ ባሏ ማየት ፈራች። አንገቷን ደፍታ እጅጌዋን ትሰበስብ ጀመር።