ሐይቅ ውስጥ የከረመ ወይራ

ዘይቱና እንጨት ታውቅ ነበር። ከሹም አቦ መንደር በታች ባለው የሐይቅ ዳር ጥድን ከወይራ በጠረኑ፣ ጤነኛውን ከበሰበሰው አንኳኩታ በድምፁ የምትለይ ሴት እንደ እሷ አልነበረችም። ግን ቅናት ብልህ ሰው ነው ብሎ አይምርም፤ ይህን ሁሉ እውቀቷን በአንድ ጧት አስጣላት።

ባሏ ቡርሀን የደንገል ታንኳ ሠሪ ነው። አንዲት ልጃቸውን መሪማን ድረው ሲያበቁ፣ ጣልያን ከመግባቱ በፊት፣ ከአንበሳሜ አንድ ግንድ ወይራና አሥር ጥድ ገዝተው በአህያ አስጎተቱ። ውኃ ጠጥቶ የከረመን እንጨት ምስጥ አይደፍረውም ይባላልና ሐይቁ ዳር በበቀለው ደንገል መሀል ውኃ ውስጥ ዘፈዘፉት። ዘይቱና እስከ ወገቧ ውኃ ገብታ ማዕበል እንዳይወስደው ድንጋይ ጫነችበት። ወይራውን ሌላ ሰው የኔ ነው እንዳይል በማጭድ ሦስት ቦታ ጫረችው። «የእርጅናዬ ቤት ምሰሶ» ትለው ነበር።

ጣልያን ገብቶ ዓመት ሲሞላው ቡርሀን ራሂማን ደርቦ አገባ። በዚያው ሰሞን ለጣልያን ካምፕ በታንኳ ማገዶ ሲያመላልስ ከርሞ በዋጋው ቆርቆሮ ተሰጠው። ለሁለቱ ሚስቶቹ ሁለት ቤት መሥራት ነበረበትና ዕቃውን ግቢው ውስጥ በሁለት ከፍሎ አስቀምጦ ሁለቱንም ጠራ።

«ለአንዳችሁ ወይራውና ጥዱ ነው፤ ክዳኑ ሣር። ለሌላዋ ቆርቆሮው ነው፤ ቋሚው ግን ምስጥ የሚደፍረው ብሳና ነው፣ ሌላ እንጨት የለኝም። ሁለቱንም ለአንዷ ብሰጥ አላህ ይጠይቀኛል። ታላቋ ትምረጥ» አለ።

ዘይቱና «ወይራውን» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። ድንገት ራሂማን አየቻት። ልጅቱ ቆርቆሮው አጠገብ ቁጢጥ ብላ በጣቷ ትዳስሰዋለች፤ ነጸብራቁ ፊቷ ላይ አርፎ ይበልጥ አሳምሯታል። ወይራው ከዘይቱና ሐሳብ ጠፋ። እሷ በሚያብረቀርቅ ቤት፣ እኔ በሣር ጎጆ? ቡርሀን ከሐይቁ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው የማንን ቤት ሊሆን ነው?

«ቆርቆሮውን!» አለች።

«አስበሽበታል ዘይቱና?» አለ ቡርሀን ደንገጥ ብሎ።

«አስቤበታለሁ።»

ቡርሀን አቀረቀረ። ራሂማ ዕንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ዘይቱና በዚያች ዕንባ አንድ ወር ሙሉ ተደሰተች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

ሁለቱ ቤቶች ፊት ለፊት ቆሙ። የዘይቱናን ጣራ ለማየት የመንደሩ ሰው ሁሉ መጣ። ዝናብ ሲጥል ግን ከጩኸቱ የተነሣ ሰው ከሰው አይደማመጥም፤ በበጋ ደግሞ ውስጡ ምድጃ ነው። የጠየቃት ሁሉ «ይስማማኛል» ይባላል። ዓይኗ ግን ከወዲያኛው ቤት አይነቀልም፤ ዛሬ ማን ገባ፣ ቡርሀን እዚያ ምን አሳቀው፣ ሣሩ መች ይበሰብሳል። ነፋስ ከራሂማ ክዳን አንድ እፍኝ ሣር የነጠቀ ዕለት ሠርግ የተጠራች ያህል ፈነደቀች። ደጃፏን ግን አንድም ቀን አልረገጠችም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እሷ ነበረች።

በሁለተኛው ዓመት ምስጥ በብሳናው ላይ አፈሩን እየሠራ ወጣ። ዘይቱና በጣቷ መገጣጠሚያ አንኳኳችው፤ ድምፁ ባዶ ቅል ይመስል ነበር። ለቡርሀን መንገር ነበረባት፤ መንገር ግን ራሂማ ተሻለች ብሎ ማመን ነው። ስለዚህ በየጁምዓው፣ እሱ ለስግደት ሲሄድ፣ ጭቃ ከጭድ አቡክታ ምስጡ የሄደበትን ትመርግ ጀመር። በሦስተኛው ዓመት ያንን ቤት ያቆመው እንጨቱ ሳይሆን ጭቃው ነበር።

ሐምሌ ላይ አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሐይቁ ጠቆረና ነፋስ ተነሣ። ዘይቱና ደጅ የተሰጣ ዓሣ ልታነሣ ወጣች። ከኋላዋ ብሳናው ድምፅ እንኳ ሳያሰማ ታጠፈ፤ የጮኸው ቆርቆሮው ነው። ዞር ስትል ቤቷ የለም። ዓሣዋን እንደያዘች ቀረች። ያመማት የቤቷ መፍረስ አልነበረም፤ ራሂማ ልታየኝ ነው የሚለው ነበር።

ራሂማም በባዶ እግሯ እየሮጠች መጣች። «እትዬ! አልተጎዱም? ወላሂ፣ አልተጎዱም?» እያለች ክንዷን ይዛ ወደ ራሷ ቤት አስገባቻት።

መሀል ቤት ወይራው ቆሟል። ሦስቱ ጭረት ወደ በር ዞሮ፣ ልክ በደረቷ ቁመት። ዘይቱና በእጇ ዳሰሰችው። መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ እንኳ አልነበረበትም።

«ቡርሀን ምልክቱን ወደ ጓዳ ሊያዞሩት ነበር» አለች ራሂማ። «ወደ በር ይሁን ያልሁት እኔ ነኝ። የማን እንደሆነ አውቅ ነበራ። ያን ዕለት፣ እርስዎ ከመምረጥዎ በፊት፣ እሳቸው ‹ወይራውን ዘይቱና ትወስዳለች፣ ለእሷ ያቆየሁት ነው፤ ላንቺ ቆርቆሮው ይደርስሻል› ብለውኝ ነበር።»

ዘይቱና ምሰሶውን ተደግፋ ቁጭ አለች። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«በየት በኩል? ደጄን ረግጠው ያውቃሉ?»

«ቀንቼብሽ ነው» አለች ዘይቱና። ሦስት ዓመት ሙሉ ያልወጣት ቃል ነው።

ወዲያው ከውጭ ጩኸት ተሰማ። ቡርሀን ጣራው አለመኖሩን ከሐይቁ ላይ አይቶ ሲሮጥ መጣ። የራሂማን ደጃፍ ዞር ብሎ ሳያየው አልፎ የፈረሰው ቤት ላይ ወደቀ። ቆርቆሮውን በባዶ እጁ እየገለበጠ፣ እጁ እየደማ፣ «ዘይቱና! ዘይቱናዬ!» ይላል።

ዘይቱና ሦስት ዓመት ዓይኗ የባዘነው ይህንን ፍለጋ ነበር። ደስ አላት፤ በጣም ደስ አላት፤ ትንሽም ዝም ብላ ሰማችው።

ቀና ስትል ግን ራሂማን አየች። ራሂማ በሩ ላይ ቆማ የባሏን ጀርባ ታያለች፤ ከንፈሯን ነክሳለች። ዘይቱና ያን ፊት አወቀችው። ቆርቆሮውን የመረጠች ዕለት የራሷ ፊት ነበር።

ተነሣችና የራሂማን እጅ ይዛ ዝናቡ ውስጥ ጎትታ አወጣቻት።

«የመሪማ አባት!» ብላ ተጣራች። «ይተዉት ቆርቆሮውን! እዚህ ነን፤ ሁለታችንም እዚህ ነን!»