ለአፓ ጮኸን ያልነገርናቸው

እኛ ሰፈር ምስጢር አይበረክትም። የሽመና ማሽኖቹ ጎህ ሲቀድ ይጀምራሉ፤ ሰዉም በእነሱ ላይ እየጮኸ ማውራት ስለለመደ ማሽን በሌለበት እንኳ ድምፁን ዝቅ ማድረግ አይሆንለትም። አባታችን አፓ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ በማሽን መሀል ቆመው ስለኖሩ ጆሯቸው ከብዷል። ለአፓ አንድ ነገር መንገር ለመንገዱ በሙሉ መንገር ነው። ስለዚህ በቤታችን ሁለት ዓይነት ወሬ አለ፤ የሚጮኽና የማይጮኽ። የሚጮኸው ለአፓ ይደርሳል። የማይጮኸው በእናታችን በአማ፣ በእኔና በታናሽ ወንድሜ በኢኒያን መሀል ይቀራል።

ኢኒያን ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ ከመጣ ዓመት አለፈው። ኮሌጁ በመጨረሻው ዓመት ሥራ አስገኝላችኋለሁ ሲል ከርሞ፣ አንድ ባንክ መጥቶ ብድር የሚያስመልሱ ልጆች መልምሎ ሄደ፤ በዚያው አበቃ። ከዚያ ወዲህ ኢኒያን ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ ይለብስና ስልኩን ይዞ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ማመልከቻ ሲልክ ይውላል፤ ሲመሽ ይወርዳል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ባነር ማተሚያ ቤት ነው የገባሁት። ለሠርግ፣ ለሙት ዓመት፣ ለምርጫ የሰው ፊት አትማለሁ። ፊት ከማሽኑ ሲወጣ መጀመሪያ የሚመጣው ግንባር ነው። ቅንድቡ እስኪከተል ድረስ ይህ ግንባር ምን ሲያስብ ኖሮ ይሆን እያልኩ ፈዝዤ እቆማለሁ፤ ባልደረባዬ ዴቫራጅ በክርኑ ይቀሰቅሰኛል።

ጥግ ላይ ሻይ የሚሸጠው ቺናሳሚ ኢኒያን ባለፈ ቁጥር አይምረውም።

"ኢንጂነር! እስቲ ና፣ ይቺ ጠረጴዛ ትንገዳገዳለች። አጥናልኝ!"

"ጠረጴዛዋ ደህና ናት፤ ሻይህን ቀምሳ ነው" ይለዋል ኢኒያን።

ሰዉ ይስቃል፤ ኢኒያንም ይስቃል። ቤት ሲገባ ግን ሳቁ ፊቱ ላይ ባለቤት እንዳጣ ዕቃ ተጥሎ ይቆያል።

ሥራ ጭራሽ አልጠፋም። የማሽኖቹ ባለቤት ሴንጎዳን ጥገና የሚችል ሰው ፈልጎ ኢኒያንን ደጋግሞ ጠይቆታል፤ ክፍያውም መጥፎ አልነበረም። ግን አፓ አሉ። አፓ ከኑሮ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከልጆቻቸው አንዱም የማሽን ቤቱን ደፍ እንዳይረግጥ። ምሳ ስናደርስላቸው እንኳ በር ላይ ወጥተው ይቀበሉንና በእጃቸው ሂዱ፣ ሂዱ ይሉናል።

አንድ ከሰዓት ከሥራ ስመለስ ኢኒያን ከጣሪያው ላይ ጠራኝ። ወጣሁ። ጀርባውን ለውኃ ጋኑ ሰጥቶ ተቀምጧል።

"አና፣ ከቼናይ ደወሉልኝ" አለኝ። አና የሚለኝ ታላቁ ስለሆንኩ ነው።

"እነማን?"

"የመኪና ዕቃ ንድፍ የሚሠራ ድርጅት።"

"ታዲያ ፊትህ ምነው እንዲህ ሆነ?"

"ኢንተርንሺፕ ነው። ስድስት ወር። ደመወዝ የለውም።"

"ትንሽ ነው ለማለት ነው?"

"የለውም ስልህ! ቤት የራስህ፣ ምግብ የራስህ። ሲያልቅ 'እናያለን' ነው የሚሉት። ኦርጅናል ዲግሪህን ደግሞ እነሱ ዘንድ ታስቀምጣለህ።"

"ዲግሪህን ለምን?"

"መሀል ላይ ጥለሃቸው እንዳትሄድ።"

"ለማይከፍሉህ ሥራ መያዣ የምትሰጠው አንተ ነህ?"

ሳቀ። "ይኸው ቶሎ ገባህ። መማር የነበረብህስ አንተ ነህ።"

አብሮት የተማረውን ራፊቅን አስታወሰኝ። ራፊቅ እንዲሁ ብሎ ገብቶ፣ ስድስት ወር ሙሉ የሰው ሥዕል ላይ ልኬት ሲጽፍ ኖሮ፣ በመጨረሻው ቀን አመሰግናለን ብለው ሸኙት። ቦርሳውን ሳያነሣ ሌላ ምሩቅ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠበት። ዲግሪውን ለመቀበልም ስንት ደጅ ጠንቷል። በዚህ መሀል የመንግሥት ሥራ ወጥቶ ኦርጅናል አምጣ ሲባል የሚያሳየው አልነበረውም።

"እምቢ በላቸው" አልኩት።

"እምቢ ልላቸው ነው። እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጥተውኛል።"

"ከዚያስ?"

ወደ ማሽን ቤቱ ጣሪያ በአገጩ አመለከተኝ። ሴንጎዳን ዘንድ ሊገባ ማሰቡ ነበር፤ የቀረው ለአፓ መንገር ነው። ለራሱ የወሰነ መስሎኝ ትከሻውን መታ መታ አድርጌው ወረድኩ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ አፓ ኢኒያን ኢድሊውን፣ በእንፋሎት የበሰለውን የሩዝ ዳቦ፣ ይቆራርሳል እንጂ እንደማይበላ አዩ።

"ምን ሆነሃል? ሆድህን ነው?" ሲሉ ጮኹ። አፓ ሲጠይቁም እንደዚያው ነው።

ኢኒያን አየኝ። ዛሬ ሁሉንም ሊነግራቸው እንደሆነ ገባኝ፤ የቼናዩን፣ እምቢ ማለቱን፣ የሴንጎዳንንም። ጠጋ ብሎ አፉን ወደ ጆሯቸው አደረገ።

"አፓ! ከቼናይ ጠሩኝ!"

"ምን?"

"ቼናይ! ድርጅት ነው! የመኪና ዕቃ የሚሠራ! ና ብለውኛል!"

ትንፋሹን ሳበ። የሚቀጥለው ቃል ከንፈሩ ላይ ነበር፤ አይቼዋለሁ።

መብራት ሄደ።

የሰፈሩ ማሽን ሁሉ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። እንዲህ ሲሆን ጸጥታው ጆሮ ይወጋል። ከግድግዳው ወዲያ ክር የሚያጠነጥኑት ሴቶች ዝም ብለው እያዳመጡ ነበር፤ አንዷ "ሰማሽ? ቼናይ አለ!" ስትል የጎኔን ያህል ቅርብ ተሰማኝ። ኢኒያን አፉን እንደከፈተ ቀረ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ያለ ደመወዝ ነው ብሎ መጮኽ ነበረበት። አፉን ገጠመ።

አፓ ግን ተነሡ። እጃቸውን ሳይታጠቡ፣ ትከሻቸው ላይ ፎጣቸውን ጣል አድርገው ወጡ። በሩ ላይ የነበረውን ሰው ሁሉ፣ ማሽን ስለቆመባቸው ሊያጨሱ የወጡትን ሁሉ አገኟቸው። ድምፃቸው ከሻይ ቤቱ ድረስ ይሰማ ነበር። "የእኔ ልጅ! ቼናይ! መኪና የሚሠሩት ናቸው የጠሩት!" ቺናሳሚ ለማንም በነጻ ቀድቶ የማያውቀውን ሻይ ለአፓ ቀዳላቸው። "ኢንጂነር ብዬ ስጠራው የነበረው ለዚህ ነዋ!" ሲል ሰማሁት።

ለአማ ቀስ ብለን ሁሉንም ነገርናት። እጇ ላይ ያለውን ሽንኩርት ልጣ ጨረሰች።

"ዲግሪውን ይመልሱልሃል?" አለች።

"አላውቅም አማ።"

"አባትህን በመስኮት አይተሃቸዋል?"

"አይቻቸዋለሁ።"

"እኔ እንዲህ ሲስቁ ያየኋቸው አንተ የተወለድክ ቀን ነው" አለችና ሌላ ሽንኩርት አነሣች። ሂድም አላለች፣ ቅርም አላለች።

ማተሚያ ቤት ስደርስ ዴቫራጅ ኮምፒውተሩ ላይ ተጎንብሶ አገኘሁት። "የአጎትህ ትእዛዝ ነው፤ ገንዘቡንም ከፍለዋል" አለኝ። የአማ ወንድም፣ ማማ ካንዳሳሚ፣ ለባነር የተፈጠሩ ሰው ናቸው። በመሀል የኢኒያን የምረቃ ፎቶ አለ፤ ከጎኑ ማማ ራሳቸው በጥቁር መነጽር። "በቼናይ ኢንጂነር ሆኖ ለተሾመው ለእህቴ ልጅ እንኳን ደስ ያለህ!" ይላል። ስልክ አንሥቼ ደወልኩላቸው።

"ማማ፣ ተሾመ የሚለውን ብናወጣው?"

"ለምን ይወጣል?"

"ገና ነውና…"

"ዛሬ ያልጻፍነው መቼ ሊጻፍ ነው? አንተ አትም! የእኔን ፎቶ ደግሞ ትንሽ አስፋው።"

ማሽኑ ሲጀምር ቆሜ አየሁ። የወንድሜ ግንባር መጣ፣ ከዚያ ቅንድቡ፣ ከዚያ ዓይኖቹ። ያን ያህል የፈራ ፊት መሆኑን ከዚያ በፊት አላስተዋልኩም ነበር። ዴቫራጅ "ደስ አይልህም እንዴ፣ ምን ያስለቅስሃል?" አለኝ። ቀለሙ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው አልኩት።

ባነሩ በዚያው ቀን መንገዱ ጥግ ላይ ተሰቀለ። ኢኒያን ከሥሩ ቆሞ ቀና ብሎ አየው።

"ማማ ከእኔ ገዝፈው የለም እንዴ! የተሾሙትስ እሳቸው ናቸው" አለ።

"ሰኞ ደውለህ እምቢ ልትላቸው ትችላለህ፤ አሁንም" አልኩት።

"ደውዬስ? በየትኛው በር ነው የሴንጎዳን ማሽን ቤት የምገባው? አፓ በቆሙበት በር?"

ሰኞ ደወለላቸው። እሺ አላቸው። ስልኩን ሲዘጋ "አመሰገኑኝ" አለኝ፤ እንደ ቀልድ ነበር ያለው፣ ግን ማናችንም አልሳቅንም።

የሚሄድበትን ደግ ሰዓት ያወጣችው አማ ናት። አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ ግማሹ ሰፈር ተከተለን። አፓ የዚያን ቀን ማሽን ቤት አልገቡም፤ ነጭ ለብሰው ከፊት ከፊት ሄዱ። ግንባሩ ላይ የተቀደሰውን አመድ ቀቡትና ጭንቅላቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። "የመጀመሪያ ደመወዝህን ለእኔ አትላክ፤ ለእናትህ ሳሪ ግዛላት!" አሉት። መናኸሪያው በሙሉ ሰማ። ሴቶቹ እልል የሚሉ መሰሉ። ኢኒያን እግራቸውን ነክቶ ተነሣና አውቶቡስ ውስጥ ገባ፤ ዲግሪው ያለበትን ላስቲክ ደረቱ ላይ አቅፎት ነበር።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ደወለልኝ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ።

"አና፣ ደረጃ ላይ ነኝ" አለ። ድምፁ ያስተጋባ ነበር። "የብረት ቁም ሣጥን አላቸው። ልጅቷ ስትከፍተው አየሁት። ሙሉ ነው። የስንቱ ልጅ ዲግሪ እንደ አሮጌ ጋዜጣ ተደራርቧል። አምጣ አለችኝ። ሽንት ቤት ልሂድ ብያት ወጣሁ።"

"አትስጣት።"

"አልስጣት?"

"አትስጥ። ውረድና ና። አፓን እኔ እነግራቸዋለሁ።"

"ጮኸህ?"

"ካቬሪ ወንዝ ዳር እወስዳቸዋለሁ። እዚያ ሰው የለም፤ የፈለግኩትን ያህል እጮኻለሁ።"

ደረጃው ላይ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ያሰበበት መሰለኝ፤ ልቤ ቀለል አለኝ።

"ትነግራቸዋለህ" አለ ቀስ ብሎ። "ከዚያስ አና? ከወንዙ ስትመለሱ በቺናሳሚ በኩል አይደል የምታልፉት? አፓ እዚያ ጋ ሲደርሱ ፊታቸውን ምን ያደርጉታል?"

ማሽኑ ከአጠገቤ የማላውቀውን የሞተ ሰው ፊት እያተመ ነበር። አንድ ነገር ልል አፌን ከፈትኩ። ዴቫራጅ ቀለም አልቋል እያለ ይጠራኛል።

"አለህ?" አለ ኢኒያን።

"አለሁ።"

"ና በለኝና እመጣለሁ። አንተ ና ካልከኝ እመጣለሁ፤ እውነቴን ነው።"

ና ማለት ፈለግኩ። ነጭ ለብሰው ከፊት ከፊት ሲሄዱ የነበሩት አፓ ዓይኔ ላይ መጡ። ከበስተኋላው የሴት ድምፅ ስሙን ሲጠራ ሰማሁ፤ የእኛን ስም በማያውቅ አፍ፣ አጣሞ።

"ጠሩኝ" አለ። ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ማታ መልእክት ገባልኝ። አንድ ቃል ነው፤ "ሰጠሁ።" ጎበዝ ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። ይቅርታ ብዬ ጻፍኩ፤ እሱንም አጠፋሁ። በመጨረሻ "በላህ?" ብዬ ላክሁለት። "በላሁ" አለኝ። በምን ገንዘብ ብዬ አልጠየቅኩትም።

አማ ራት እያቀረበች ነበር። "ምን አለ?" አለችኝ።

"ጀመረ" አልኳት።

በልማድ ለእሱም አቅርባ ኖሯል። ሳህኑን አየችው፤ ሩዙን ወደ ድስቱ መለሰችው።