ሁለት ለአንድ

የመንፈቅ አጋማሽ ፈተናው የሚያልቀው አምስት ሰዓት ላይ ነበር፤ እኔ ግን ከሦስት ሰዓት ጀምሮ መስኮቱ ሥር ቆሜያለሁ። የምትፈተነው የልጅ ልጄ ናት፤ ሰዓት የምቆጥረው ግን እኔ ነኝ። እናቷ ሥራዋ ከእኛ ስለራቀ ሚጣን ከጡት ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ደርሳለች። ባለፈው መንፈቅ ውጤቷ ዝቅ ብሎ ማስጠንቀቂያ ጽፈውባታል። ዘንድሮ ስታትስቲክስ ላይ ከሲ በታች ካመጣች ትባረራለች፤ ቁርጥ ያለ ነገር ነው።

ያ ቀን ደግሞ ኮርስ ለማቋረጥ የመጨረሻው ቀን ነበር። ቅጹን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሬጅስትራር ካስገባች ኮርሱ ይሰረዝላትና ከርሞ ከታናናሾቿ ጋር ትወስደዋለች። ዓመቱ ይቃጠላል እንጂ አትባረርም። ቅጹን እኔው ራሴ ሄጄ ካመጣሁት ሳምንት ሆኖታል። ለማንኛውም ብዬ ነው። እኔ ለማንኛውም ብዬ የማልይዘው ነገር የለም፤ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይዤ ስለምወጣ ሰፈሩ ይስቅብኛል።

ስድስት ሰዓት ላይ ሚጣና ሁለት የክፍል ጓደኞቿ ሦስት ሆነው መጡ። ረጅሙን ልጅ ካልኩሌተር ይሉታል፤ ቁጥር ጠርተው ሳይጨርሱ መልሱ ከአፉ ነው። ሌላዋ ጠበቃዋ ትባላለች፤ የሕግ ተማሪ ሆና ሳይሆን የማትከራከርበት ነገር ስለሌለ ነው። ቦርሳቸውን አልጋዬ ላይ ወርውረው ጠረጴዛውን ከበቡት።

እነዚህ ልጆች አንድ ልማድ አላቸው። ከፈተና ሲወጡ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ሦስቱም መልሳቸውን ይናገራሉ፤ ሁለቱ የተስማሙበት ትክክለኛው መልስ ተብሎ ይጻፋል። ልክ እንደ ምርጫ ማለት ነው። ከዚያ ካልኩሌተር ይደምርና ግሬድ ያድላል።

"እማማ፣ እርስዎም ይቀመጡ፤ ታዛቢ ይሁኑልን" አለኝ።

"ታዛቢ አበል አለው?"

"አበሉ ጭንቀት ነው።"

"እሱማ ቅድሚያ ተከፍሎኛል" አልኩና ተቀመጥኩ።

አንደኛው ላይ ሦስቱም ተስማሙ። ሁለተኛው ላይ ሚጣ "ኧረ ጉዴ!" ብላ ግንባሯን መታች፤ የሆነ ነገር መደመር ረስታለች። ሦስተኛው በሰላም አለፈ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ነገር መጣ።

አራተኛው ብቻውን አሥራ ሁለት ማርክ ነው። አንድ ዳቦ ቤት ከጋገረው መሐል አሥራ ስድስት ዳቦ ተመዘነ፤ ከዚህ ተነስታችሁ የዳቦው ሁሉ አማካይ ክብደት ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ገምቱ ይላል።

"ሁለት መቶ ግራም፣ ሲደመር ሲቀነስ ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ሁለት" አለ ካልኩሌተር።

"ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ሁለት!" ጠበቃዋ እጇን ከእጁ አጋጨች።

ሚጣ ወረቀቷን አየች። "የኔ አራት ነጥብ ሁለት ስድስት ነው።"

"ይሄን ደግሞ ከየት አመጣሽው?" አላት ካልኩሌተር።

"ናሙናው ትንሽ ስለሆነ ሌላኛውን፣ ለትንሽ ናሙና የሚሆነውን ሰንጠረዥ ነው የተጠቀምኩት።"

"የምን ሌላኛው? የሚባዛው ሁልጊዜ በአንድ ነጥብ ዘጠኝ ስድስት ነው እንጂ! ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።"

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሁለት ለአንድ" አለች ጠበቃዋ፤ ተጻፈ።

ካልኩሌተር ደመረ። ለራሱ ኤ፣ ለጠበቃዋ ቢ ፕላስ ጻፈ። ሚጣ ጋ ሲደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

"ከአርባ አሥራ አራት... እንግዲህ ፋይናሉ ቀለል ካለ..."

"ጻፈው" አለችው።

ዲ ብሎ ጻፈ፤ ያውም አሳንሶ። ሚጣ ተነስታ ቁም ሳጥኑን ከፈተችና ቅጹን አወጣች። ሙሉ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ያቋረጡበት ምክንያት። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በሆዴ እሰይ አልኩ። ዓመት ምንድን ነው? ዓመት ይመጣል። ልጄ ከምትባረር ሁለት ዓመትም ይቃጠል።

ውሃ ልቀዳላቸው ስነሳ ነው ያየሁት። ካልኩሌተር ደብተሩን ገልጦታል፤ ገጹ ጥግ ላይ ብርጭቆ ያሳረፈው ክብ አለ። ጠበቃዋ ፊት ያለው ወረቀት ላይም እዚያው ጥግ፣ ያው ክብ አለ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ኧረ እማማ፣ የእሱ ደብተር ፎቶ ኮፒ ነው እኮ። ሁሌም ከሱ ነው የማጠናው" አለች ጠበቃዋ።

"አንተስ ከየት ጻፍከው?"

"ካለፈው ዓመት ተማሪዎች። ያለቀለት ኖት ነው።"

"ሚጣስ?"

"እኔ ይሄ በተሰጠበት ሳምንት ቶንሲል ይዞኝ ተኝቼ አልነበር?" አለች ቀና ሳትል። "ከመጽሐፉ ነው ያነበብኩት።"

የውሃውን ጆግ እንደያዝኩ ቆምኩ። ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ክር ፋብሪካ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ከእያንዳንዱ ሳጥን እኔ አሥር ጥቅል፣ ጓደኛዬ ሌላ አሥር ጥቅል አውጥተን የተበላሸውን እንቆጥራለን፤ ሁለታችን ደህና ነው ብለን ከተስማማን ሳጥኑ ያልፋል። አንድ ቀን ጓደኛዬ እግሯን አሟት ተቀመጠችና የኔን ቁጥር ገለበጠች። አየኋት፤ ዝም አልኩ። አለቃችን "ሁለት ሰው አይቶታል" ብሎ ጭነቱን ለቀቀው። በሳምንቱ ክሩ ሁሉ ተመለሰ፤ እየተበጠሰ ሸማኔውን አስለቅሶታል። ያየው ሁለት ሰው አልነበረም፤ አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ተሳስቷል።

አሁንም ዝም ልል እችል ነበር። ዝም ብል ቅጹ ይሞላል፣ እኔም እንቅልፌን እተኛለሁ። ብናገርና ሚጣ ብትቀጥል፣ ከዚያም ብትወድቅ፣ የገፋኋት እኔ ነኝ። ለእናቷ ምን ብዬ ነው የምመልሰው? ሚጣ "ምክንያት" የሚለው መስመር ላይ "ትምህርቱን መከታተል ስላልቻልኩ" ብላ ስትጽፍ አየሁና አላስቻለኝም።

"እናንተ ሁለት አይደላችሁም" አልኩ።

"እንዴት እማማ?"

"ከአንድ ደብተር ነው የቀዳችሁት። ደብተሩ ከተሳሳተ ሁለታችሁም አብራችሁ ትሳሳታላችሁ። ስለዚህ ድምፃችሁ አንድ ነው። አንድ ለአንድ ናችሁ።"

"ተቃውሞ አለኝ!" አለች ጠበቃዋ፤ ከዚያ ወረቀቷን ከደብተሩ ጋር አስተያየች። "አይ... የለኝም መሰለኝ።"

"ይሄ ማለት ግን እሷ ልክ ናት ማለት አይደለም" አለ ካልኩሌተር።

"ልክ ናት መቼ አልኩ? እኔ ስለ ዳቦው ምን አውቃለሁ።"

ሚጣ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ መጽሐፉን አመጣች። ሦስቱም ራስ ለራስ ገጥመው አነበቡ። ካልኩሌተር ደብተሩን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት አገላበጠው፤ ስለ ትንሽ ናሙና የተጻፈ አንድ መስመር የለም። ጆሮው ቀላ።

"አራት ነጥብ ሁለት ስድስት" አለ በመጨረሻ። "የኔ ኤ ሄደች ማለት ነው። አንቺ ግን ሃያ ስድስት ነሽ።"

"ሃያ ስድስት ያድናል?" አልኩ ቶሎ ብዬ።

"ፋይናሉ ከስልሳ ነው እማማ። ሊያድንም ላያድንም ይችላል።"

ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ሚጣ ወደኔ ዞረች። "እምዬ፣ ላስገባው?"

አስገቢው የሚል ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። "እኔን አትጠይቂኝ" አልኳት። "እኔማ ዝናብ ሳይኖርም ጃንጥላ ዘርጊ ነው የምልሽ።"

ሳቀች፤ ስትስቅ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ ቅጹን ለሁለት አጥፋ ጀርባው ላይ የሁለተኛውን ጥያቄ ስህተት እንደገና መሥራት ጀመረች። አሥራ አንድ ሰዓት እስኪያልፍ ወጥ ቤት ገብቼ ንጹህ ሰሃን ሁለት ጊዜ አጠብኩ።

ውጤቱ ሲወጣ ሃያ አራት ሆነ፤ አራተኛው ላይ አሥራ ሁለቱንም ሰጥተዋታል፣ አምስተኛው ላይ ያላሰበችው ሁለት ተቀንሶባታል። ከሃያ አራት በኋላ የምትፈራ እንዳይመስላችሁ፤ የምፈራው እኔ ነኝ።

ፋይናሉ ሲደርስ ሦስቱም መጽሐፉን ይዘው መጡ፣ እንደ ልማዳቸው ጠረጴዛውን ሊከቡ። እምቢ አልኩ። ሚጣን መኝታ ቤት፣ ካልኩሌተርን ወጥ ቤት፣ ጠበቃዋን ደረጃው ላይ አስቀመጥኩ። የመጽሐፉን መለማመጃ ጥያቄዎች ለየብቻ ሥሩ፣ ከዚያ ታስተያያላችሁ አልኳቸው።

"እማማ፣ ይሄ እኮ እስር ቤት ነው!" ጠበቃዋ ከደረጃው ጮኸች።

"ይግባኝ የለም! ሥሪ!"

ሰባት ሰዓት ላይ ወጡና መልሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሦስቱም ሦስት ዓይነት ቁጥር አመጡ። ካልኩሌተር ራሱን ያዘ፤ ጠበቃዋ የማንን ደግፋ እንደምትከራከር ጠፋት።

ሚጣ ግን ወንበሯን ሳበችና "ጎሽ" አለች። "አሁን በእውነት ሦስት ሆንን። በሉ፣ አንድ በአንድ ከመጀመሪያው መስመር እንየው።"