መሞት የነበረባቸው ቡቃያዎች

ልጄ የምትሠራበት የእጽዋት ላቦራቶሪ ምድር ቤት ውስጥ የእኔ ክፍል አለች። ሥራዬ ቡቃያ የሚበቅልበትን ጄሊ ማፍላት፣ ከላይ በወረቀት የታዘዘውን ዱቄት መዝኜ መጨመርና ሳህኖች ላይ ማፍሰስ ነው። ቦታውን ያገኘሁት ልጄ ለኃላፊው፣ እናቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፣ ሥራዋም ጥንቅቅ ያለ ነው ብላልኝ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ቢበላሽ የምትዋረደው እሷ እየመሰለችኝ፣ ጠዋት በሩን የምከፍተው እየፈራሁ ነው።

አንድ ሰኞ ወረቀቱ ላይ ዲ-ሴሪን የሚባል አሚኖ አሲድ መጣ፤ በሊትር ሦስት መቶ ሚሊግራም። መዝኜ ጨመርኩ። ከአሥር ቀን በኋላ ባዶ ጠርሙስ ልሰበስብ ማሳደጊያ ክፍሉ ስገባ፣ በልጄ ሳህኖች ላይ ያሉት ቡቃያዎች ነጭ ሆነው ተኝተዋል። ከመቶው ሁለት ሦስቱ ብቻ አረንጓዴ ናቸው። አሚኖ አሲድ የፕሮቲን ጡብ ነው ብለው ነው ያስተማሩን፤ ምግብ እንዴት ይገድላል? የገደልኳቸው እኔ ነኝ አልኩ፤ ዜሮ ተሳስቼ አሥር እጥፍ ጨምሬባቸው ነው።

ጠርሙስ አጣቢዋ፣ ወሬ ስለማያልቅባት ሬዲዮ የምንላት፣ ፊቴን አይታ ምን ሆንሽ ብትለኝ ራሴን አሞኝ ነው አልኳት። እራት ላይ ልጄ ሳታወራ በላች። ደክሟት ነበር፤ እኔ ግን ዝምታዋን በራሴ ተረጎምኩት። ልጠይቃት አሰብኩ፤ ግን ተነስቼ የእራቱን ዕቃ ማጠብ ያዝኩ። እማ፣ መመዘን እንኳ አትችይም የምትለኝ መሰለኝ። እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

በሳምንቱ ያው ትእዛዝ ድጋሚ መጣ። ዳግም በአሥር እጥፍ ብሳሳት እንኳ ከሦስት መቶ እንዳያልፍ ብዬ ሠላሳ ጨመርኩ። መለያው ላይ ግን ሦስት መቶ ብዬ ጻፍኩ። ስጽፈው አላመነታሁም፤ አሁን ሳስበው ከሁሉ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

ቡቃያዎቹ በሙሉ ለምለም ሆነው ወጡ። ሰው ሳያየኝ እየሄድኩ በመስታወቱ አያቸው ነበር፣ ከሞት ያተረፍኳቸው ይመስል።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት ልጄ ወደ እኔ ክፍል ወረደች። ዓይኗ ቀልቷል። ዘሯን የያዘ ቀይ ከረጢት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና በግፊት ማብሰያው እንድቀቅለው ጠየቀችኝ። ሌላ ጂን ገብቶበት ዘረመሉ የተለወጠ ዘር ሳይቀቀል አይጣልም። የስምንት ወር ልፋቷ ነበር። ምን ሆነሽ ነው አልኳት።

ቁጭ ብላ ነገረችኝ። ዲ-ሴሪን ለተክል መርዝ ነው። እሷ በሽታ የሚከላከለውን ጂን ስታስገባ፣ ምልክት የሚሆን ሌላ ጂን አብራ ታስገባለች፤ እሱ መርዙን ይሰባብረዋል። ጂኖቹ የሚገቡት ከመቶ ሁለት ሦስቱ ውስጥ ነው። እነሱ ይተርፋሉ፣ የቀሩት መሞት አለባቸው፤ ካልሞቱ መለየት አይቻልም። አሁን ግን ለማነጻጸር ብላ የዘራችው፣ ምንም ያልገባበት ተራ ዘር ሳይቀር በቅሏል።

"መለያዎቹን አንድ በአንድ አይቻለሁ፣ ጄሊው ትክክል ነው" አለች። "ያንቺን ሚዛን ደግሞ አልጠራጠርም። ተራውን ዘር መርዙን ከሚችለው ጋር የቀላቀልኩት እኔ ነኝ፣ እማ። ወጥቼ ለኃላፊው ልንገረው።"

ያኔ መናገር ነበረብኝ። እሷ ደረጃውን ስትወጣ እኔ ከረጢቱን ማብሰያው ውስጥ አስገብቼ ክዳኑን አጠበቅኩ። ሬዲዮ ከጠርሙስ ማጠቢያው በኩል አንገቷን አስግጋ፣ "ልጅሽ ምን ሆነች? ጄሊሽን አቀመስሻት እንዴ?" ብላ ሳቀች።

ጣቴ ማስነሻው ላይ ነበር። አልተጫንኩትም። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ያ ዘር ቢቀቀል ዕድሜ ልኬን እንቅልፍ እንደማይወስደኝ አውቄ ነው። ከረጢቱን አውጥቼ እንደታቀፍኩ ወደ ላይ ወጣሁ።

ኃላፊው ቢሮ ውስጥ ልጄ ጥፋተኛ ተማሪ መስላ ቆማለች።

"ዘሩ ደህና ነው" አልኩ። "ሦስት መቶውን ሠላሳ ያደረግኩት እኔ ነኝ። መለያውንም ዋሽቼ ነው የጻፍኩት።"

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። ልጄ ከረጢቱን እንጂ እኔን አላየችም።

"ለምን አልጠየቅሽኝም?" አለች።

"አፈርኩ።"

"አሁንስ አላፈርሽም?"

ከረጢቱን እጇ ላይ አስቀመጥኩ። ኃላፊው አላባረረኝም፤ ቢያባርረኝ ይሻል ነበር። ከእንግዲህ እርስዎ ሲመዝኑ ሌላ ሰው አጠገብዎ ቆሞ ቁጥሩን አይቶ ይፈርማል አለኝ። ያ ሰው ሬዲዮ ሆነች። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ያልሰማ ሰው አልነበረም።

ልጄ ሦስት ቀን እራቷን ወደ ክፍሏ እየወሰደች በላች። ሰኞ ዕለት አዲሱ ትእዛዝ ወረደ። ሦስት መቶ ይላል፤ ከሥሩ በእጇ ጽሑፍ፣ "አብዛኞቹ ይሞታሉ። አትደንግጪ" የሚል ተጨምሮበታል። ሬዲዮ ከትከሻዬ ኋላ ሆና ጮክ ብላ አነበበችው። ፊቴ ጋለ። አንገቴን ደፍቼ ሦስት መቶውን መዘንኩ፤ እሷም ሁለት ጊዜ አይታ ፈረመች።