ጉልበቱ የማይታጠፍ ሴናተር

በእኛ አገር በጣሊያን ፊልም ሲቀረጽ ተዋናይ አይናገርም፤ ይቆጥራል። ቄሳር ሞት ሲፈርድ «ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት» ይላል። ንግሥቲቱ በፍቅር ስትንገበገብ «ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ» ትላለች። አፍ ይንቀሳቀስ እንጂ ሌላው ግድ የለም፤ ኋላ ድምፀ መልካሞቹ ጨለማ ክፍል ገብተው እውነተኛውን ቃል ይሞሉበታል። ስለዚህ ቀረጻው መሀል አናጢው ይመታል፣ መብራት ሠራተኛው ይሳደባል፣ ዝም በል የሚለውም የለም። ኢርማ እባላለሁ፤ ሮም ውስጥ ሠላሳ ዓመት የፊልም ልብስ ሰፍቻለሁ። ይህን ለውጭ ሰው ሳወራ ቀጣፊ እመስላለሁ።

አባቴ ሴቲሚዮ ግን መቁጠር እንኳ አልደረሰውም። አርባ ዓመት ሙሉ ከዋናዎቹ ኋላ የሚቆም አጃቢ ነበር። ወታደር ሆኖ ሞቷል፣ ባሪያ ሆኖ ሞቷል፣ አንድ ጊዜማ በአንድ ጦርነት ጠዋት በዚህ ወገን ከሰዓት በዚያ ወገን ሆኖ ሞቷል። አንዲት ቃል ግን አልተነፈሰም። እናቴ ኦርቴንሲያ ደግሞ እኔ ሦስት ዓመት ሳይሞላኝ ሕመም ዓይኗን ወስዶታል። ያም ሆኖ አባቴ ያለበት ፊልም በወጣ ቁጥር ክንዱን ይዛ ሲኒማ ትገባለች።

«አሁን እኔ ነኝ፤ ከግራ ሁለተኛው፣ ጦር የያዝኩት» ይላታል በሹክሹክታ።

«ጦር አይናገር፣ በምኑ ልወቅህ?»

ለቀልድ ነበር የምትለው። እሱ ግን ቅር ይለዋል። እኔንም አንጀቴን ይበላኝ ነበር።

ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አንድ ላይ አንሱይኒ የሚባል ዳይሬክተር መጣና ጉድ ፈላ። እንደ ሌሎቹ የሮምን ክብር በወርቅ ቀብቶ የሚያሳይ መስሎን ነበር። ሰውየው ያሰበው ሌላ ኖሯል። የሱ ቄሳር ሰካራምና ፈሪ ነው፤ ራቁቱን ይታጠባል፤ ሴናተሮቹን ደግሞ በአራት እግራቸው እያስኬደ እንደ ውሻ ያስጮሃቸዋል። ወሬው ገና ከስቱዲዮው በር ሳይወጣ ጋዜጦቹ ተንጫጩ። ጡረታ የወጡ የላቲን መምህራን በሩ ላይ ጽሑፍ ይዘው ቆሙ። የሰፈራችን የኳድራሮ ቄስ አባ ፕላሲዶ ስብከታቸውን በእኛ ፊልም አሟሹ። ሥጋ ሻጩም ቅዳሜ ጨጓራ ልገዛ ብሄድ፣ «አያቶቻችንን ውሻ ላደረገ ሰው ጨጓራ የለኝም» አለኝ። የሱ አያት ከሲሲሊ የመጡ ዓሣ አጥማጅ እንደነበሩ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል።

አንሱይኒን ወደድኩት፤ ልደብቅ አልችልም። ይጮሃል፣ ወንበር ይራገጣል፣ ከዚያ ይቅርታ ለመጠየቅ ኬክ ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን ካባ እየለካሁ ሳለ ከአርባዎቹ አጃቢ ሴናተሮች መሀል አባቴን በጣቱ ጠቆመ።

«እኚህ ሰውዬ አይጮኹም። ሁሉም ሲንበረከክ እሳቸው ቆመው ይቀራሉ። ከዚያ አንድ ነገር ይላሉ።»

ነገሩ ይህ ነበር፦ «ቄሳር፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ። ጉልበቴ አይታጠፍም።»

አባቴ ያን ዕለት አውቶቡስ ሳይጠብቅ በእግሩ እየሮጠ ነው ቤት የገባው። እናቴ ደግሞ በየፎቁ በር እያንኳኳች ደረጃውን ወረደች። «ሴቲሚዮ ሊናገር ነው! የኔ ሴቲሚዮ በፊልም ሊናገር ነው!» በሰባ ዓመቷ ጸጉሯን ልትሠራ ቀጠሮ ያዘች፤ ፊልሙ እስኪወጣ ገና ስንት ወር ሲቀረው።

በቀረጻው ቀን አንሱይኒ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «አቶ ሴቲሚዮ፣ አይጨነቁ፤ እስከ አሥር ይቁጠሩልኝ፣ ይበቃኛል።»

«አባባ፣ ቁጠር ብሎሃል እኮ» አልኩት ካባውን እያስተካከልኩ።

«አርባ ዓመት ዝም ያልኩት ልቆጥር ነው?»

መብራቱ በራ። ሠላሳ ዘጠኙ ሴናተሮች ተንበረከኩ። አባቴ ብቻውን ቆሞ ቃሉን ተናገረ፤ በቲያትር ቋንቋ ሳይሆን በኳድራሮ አፍ፣ ለአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ እንደሚናገረው አድርጎ። ኋላ ቃሉን ለሚሞሉት ማስታወሻ እንዲሆን የቀረጻውን ድምፅ የሚቀዳው ሰውዬ ቀና ብሎ አየው። አናጢው መዶሻውን አላቆመም።

ያን ዕለት ማታ የስቱዲዮው ጸሐፊ አንድ ነገር ነገረችኝ። ለአባቴ ድምፅ ሊያንድሮ ተቀጥሯል። ሊያንድሮ ማለት የሦስት ነገሥታትና የአንድ ጳጳስ ድምፅ የሆነ፣ ሲያስነጥሰው እንኳ ሴት የሚያስደነግጥ ሰው ነው። እናቴ በዚያ ሲኒማ ተቀምጣ የባሏን ድምፅ ስትጠብቅ የሌላ ወንድ ድምፅ ሊመጣባት ነው።

«አውቃለሁ» አለኝ አባቴ፣ ጨንቆኝ ስነግረው። «አንቺ እንዳትነግሪያት። እኔው እነግራታለሁ።»

አልነገራትም። በየሳምንቱ ስጠይቀው «ዛሬ ደስ ብሏታል፣ ነገ» ይለኛል። እኔም ከሱ አልሻልኩም።

እንዲህ ስንሸሸግ ክሱ መጣ። የላቲን መምህራኑና አባ ፕላሲዶ ተፈራርመው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ፖሊስም ገና እውነተኛው ቃል ያልተሞላበትን፣ የቀረጻው ድምፅ ብቻ ያለበትን ቅጂ በቆርቆሮ ሣጥኑ ይዞት ሄደ። ዳኛው ፊልሙን አይቶ ሊወስን ሆነ። እኔም ለምስክርነት ተጠራሁ፤ የቄሳርን ገላ የሸፈንኩት እኔ ነኝና።

ዳኛው ከረሜላ የሚመጥ ዝግ ያለ ሰው ነበር። «ወይዘሮ፣ ቄሳር ሲታጠብ ምን ለብሷል?»

«የገላ ቀለም ያለው ጨርቅ፣ ክቡር ዳኛ። በእጄ ነው የሰፋሁት።»

«አይታይም እኮ።»

«እንዳይታይ ነዋ የሰፋሁት!»

መብራቱ ጠፋና ፊልሙ ጀመረ። ቄሳር እየታጠበ «አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት» አለ። አባ ፕላሲዶ ዓይናቸውን በጣቶቻቸው ሸፈኑ፤ ጣቶቻቸው ግን ሰፋ ሰፋ ብለው ነበር። ንግሥቲቱ መርዝ ጠጥታ «ሰማንያ ሁለት» ብላ ሞተች። ከመምህራኑ አንዱ ብድግ ብሎ፣ «ክቡር ዳኛ፣ ይህ የምስጢር መልእክት ነው!» ቢል አንሱይኒ በሳቅ ፈረሰ፤ ጠበቃው በክርኑ ጎሸመው። አንድ ሰዓት ከምናምን ሙሉ ቁጥር ሰማን።

ከዚያ አባቴ ቆሞ ታየ። «ቄሳር፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ» አለ። ያ ሁሉ ቁጥር ከወረደ በኋላ የሰው ቃል ሲሰማ ዳኛው ከረሜላውን መምጠጥ አቆመ።

«መብራት አብሩ። ማነው እሱ?»

«አባቴ ነው፣ ክቡር ዳኛ።»

«ለምን እንደ ሌሎቹ አይቆጥርም?»

«እናቴ ዓይነ ስውር ናት» አልኩ። ዳኛው አየኝና መብራቱን አስጠፋ።

ከአሥር ቀን በኋላ ጠበቃው ውሳኔውን ስፌት ክፍል ድረስ ይዞ መጣ፤ አንሱይኒ ጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጦ አዳመጠ። የመታጠቢያው ሁለት ደቂቃ ይቆረጥ። ቀሪው ይለቀቅ። ከታች ደግሞ አንድ አንቀጽ ነበረች፦ ፍርድ ቤቱ በቅጂው ውስጥ ከተዋናይ አፍ የሰማው ቃል ሁሉ እንደተሰማ ይቆይ፣ አንዳችም አይለወጥ፤ ቁጥሮች ቃል ስላልሆኑ ባለቤቶቹ እንደፈለጉ ይተኩ።

አንሱይኒ ለሁለት ደቂቃው ወንበር ተራገጠ። ከዚያ አንቀጿን ደግሞ አስነበበና ፊቱ ተለወጠ። «ቆይ ቆይ። በፊልሙ ውስጥ የተሰማው ቃል የማን ብቻ ነው?»

ስፌቴ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ዳኛው አውቆ ይሁን ሳያውቅ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ሕግ እንዲህ ልብ ሊኖረው ይችላል ብዬ አስቤ ግን አላውቅም ነበር። ሊያንድሮም ሲነገረው፣ «ከፍርድ ቤት ጋር አልጣላም፤ በዚያ ላይ ሽማግሌው ከእኔ ይሻላል» ብሎ ሄደ። እግዜር ይስጠው።

ፊልሙ የወጣው እሑድ ከሰዓት ነው። የኳድራሮ ሲኒማ ጢም ብሎ ሞላ፤ ግማሹ የተቆረጠውን መታጠቢያ ሊያይ፣ ግማሹ ሊያፏጭ። እናቴን መሀላችን አስቀመጥናት፤ ጸጉሯ ተሠርቷል። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ፉጨቱ አናት ይበሳል፤ ሴናተሮቹ መጮህ ሲጀምሩማ አዳራሹ ሊፈርስ ደረሰ። የሚሰማ ነገር አልነበረም። አባቴ ጉልበቱን ጨብጧል። ሁሉ ነገር ከንቱ ሊቀር ነው አልኩ በልቤ።

በዚያ ጫጫታ መሀል እናቴ ቀና አለች። እኔ ምንም አልሰማሁም፤ እሷ ግን «ቄሳር» ሲል ሰምታዋለች። ብድግ አለችና በዱላዋ ወለሉን መታች።

«ዝም በሉ! ባሌ እየተናገረ ነው!»

ከሁሉ በላይ ያፏጩ የነበሩት ከኋላችን የተቀመጡት አባ ፕላሲዶ ናቸው። ፉጨታቸው አፋቸው ላይ ደረቀ። ከዚያ አንዱ ሌላውን እሽ እያለ አዳራሹ ረጭ አለ። ሸራው ላይ አባቴ «ሽማግሌ ነኝ» ብሎ ትንፋሹን እየሰበሰበ ነበር፤ ያን ዕለት ካሜራው ፊት እንደዚያ መዘግየቱን ልብ አላልኩትም ነበር።

«ጉልበቴ አይታጠፍም» አለ፣ ከኋላው መዶሻ እየተሰማ።

እናቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እጇን ዘርግታ የአባቴን ፊት ዳበሰች፤ ጉንጩ ርሶ ነበር።

«አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «ያን ቀን ጉንፋን ይዞህ ነበር፤ ለምን አልነገርከኝም?»