ባቄላው ላይ የወጡት ጉንዳኖች

አማረች ክሽክሽ የሚባለውን የተክል ጭማቂ መጣጭ ተባይ ባቄላዋ ላይ ያየችው መስከረም በገባ በአምስተኛው ቀን ነው። አንዳንዱ አገዳ ጫፉ ላይ ጠቁሮ ጉንዳን ይመላለስበታል። ጉንዳኖቹ ክሽክሹን እየበሉላት ስለመሰላት ሳትነካቸው ሰነበተች። በሳምንቱ ክሽክሹ እጥፍ ሆኖ አገኘችው።

የባሏ ወንድም ጥጋቡ ማሳው ከእሷ ጋር ይዋሰናል። ከመካነ ኢየሱስ ከተማ የተባይ መድኃኒት ገዝቶ መጣና በማግስቱ ሁለቱንም ማሳ እንደሚረጭ ነገራት። ባቄላው ግን አብቧል። ሟቹ ባሏ የተወላት ሁለት ቀፎ ንብ ከጓሮ አለ፤ ንቦቹም ከማለዳ ጀምሮ ከዚያ አበባ አይጠፉም። አምና የጎረቤታቸው የይሁኔ ንቦች ከርጭት በኋላ ቀፏቸው ደጅ ረግፈው ተገኝተዋል። ሦስት ቀን እንዲታገሳት ለመነችው።

አጎንብሳ ስታስተውል ጉንዳኑ ክሽክሹን አይነክሰውም። በቀንዱ ጀርባውን መታ መታ ሲያደርገው ክሽክሹ ከኋላው የጠራ ጠብታ ያወጣል፤ ጉንዳኑ ይጠጣዋል። ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ክሽክሹን ልትበላ ስትቀርብ ደግሞ ጉንዳኖቹ ተረባርበው አባረሯት።

አሥር አገዳ መርጣ ክር አሰረችባቸው። ከአምስቱ ጉንዳኖቹን አራግፋ ተመልሰው እንዳይወጡ ግርጌያቸውን በአመድ ከበበች፤ አምስቱን እንዳሉ ተወቻቸው። ካፊያ ሲያጥበው አመዱን ታድሳለች። በሦስተኛው ቀን አመድ ካላቸው በአራቱ ላይ ጥንዚዛዎች ሰፍረው ክሽክሹ ሳስቷል። አምስተኛው እንደነበረ ነው። ቅጠሉ የአጠገቡን አገዳ ስለነካ ጉንዳኖቹ በዚያ ይሻገሩ ኖሯል።

ጥጋቡ መርጫውን አዝሎ መጣ። ለጉንዳን ዘብ ቆመሽ ሰነበትሽ አሉ ብሎ ቀለደባት። እሷ አገዳዎቹን አንድ በአንድ አሳየችው፤ ያልሆነላትንም አልደበቀችም። እሱ ተመልሶ ከመጀመሪያው ጀምሮ አያቸው።

«እሺ እቴ፣ ያንቺን አልነካም። የእኔን ግን እረጫለሁ።»

«ንቦቼ ካንተም አበባ ይቀስማሉኮ።»

ጥጋቡ ማሳውን አየ። ይህን ሁሉ በአመድ ማን ሊያዳርሰው ነው አለ። አማረች ወሰኑን ተሻግራ ገባችና እያንዳንዱን መስመር እያየች እስከ መሃል ሄደች። ክሽክሹ ያለው ዳር ዳሩን ነው፤ መሃሉን አልደረሰበትም። የተያዙትን ቆጥራ ስትመለስ በዚህ በኩል ሃምሳ ሦስት አገዳ ነው አለችው።

«እስከ ቅዳሜ ነው የምጠብቅሽ» አላት።

መርጫውን አውርዶ በሌላው ዳር አጎንብሶ የተያዙትን አገዳዎች መቁጠር ጀመረ።