መልሱን ነግሮ መጠየቅ

ኔትወርኩ ሲመለስ ሙጀሂድ ጥያቄውን ስልኩ ላይ እንደገና ጻፈ። የመድኃኒቱን ስም፣ ቀጥሎ እርግዝና፣ ቀጥሎ ጉዳት የሌለው፤ ሁሉንም በእንግሊዝኛ። ጥናቶቹ መጡ። መድኃኒቱን እየወሰዱ ጤነኛ ልጅ ስለ ወለዱ እናቶች የሚያወሩ ነበሩ። ደስ አለው።

እኅቱ ሩፋይዳ ከወግዲ መጥታ እሱ በሚሠራበት የመካነ ሰላም ሆስፒታል መተላለፊያ ላይ ተቀምጣለች። የሚጥል በሽታ አለባት። አንድ ጊዜ ምድጃ ላይ ወድቃ ግራ እጇ ተቃጥሏል። ቫልፕሮዬት የሚባለውን ኪኒን ከጀመረች ወዲህ አልወደቀችም። አሁን የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ልጄን የሚጎዳ ከሆነ ኪኒኑን ዛሬውኑ እጥለዋለሁ ብላዋለች። አብሽሪ፣ አጣርቼ እነግርሻለሁ አላት።

ስልኩን ለዶክተር ሐረግ አሳያት። ሐረግ የጻፈውን ጥያቄ አነበበች እንጂ ጥናቶቹን አልነካችም።

«ጠንቋይ ቤት እንደ ገባ ሰው ነህ» አለችው። «መልሱን ነግረኸው ትጠይቃለህ።»

«ጥናት ነው እኮ ያመጣው።»

«ጥናት ነው። አንተ የፈለግኸውን ብቻ።»

ጉዳት የሌለው የሚለውን እንዲያወጣው ነገረችው። በምትኩ የጽንስ ጉድለትን፣ ሌሎቹን የበሽታውን መድኃኒቶች፣ ኪኒኑን በድንገት ያቆሙ እናቶችንም እንዲጨምር። ጣቱ ቃሉ ላይ ቆመ።

«እኅትህ ባትሆን ገና ጠዋት ታወጣው ነበር» አለች።

አጠፋው።

አሁን የመጣው ሌላ ነበር። ከሌሎቹ መድኃኒቶች ይልቅ በዚህኛው የሚጎዱ ልጆች ይበዛሉ። ልብ፣ የጀርባ አጥንት፣ ኋላም የአእምሮ እድገት። የጽንሱ ጀርባ የሚሠራበት ጊዜ አልፏል፤ የሆነው ሆኗል። በድንገት ማቆም ደግሞ እናቲቱን ይጥላታል፤ ሊገድላትም ይችላል። የሚሻለው መድኃኒት እዚህ አይገኝም። ሐረግ ደሴ ላለ የነርቭ ሐኪም እንደምትልካት፣ እስከዚያ ግን አንድ ቀንም እንዳታቋርጥ ነገረችው።

ሙጀሂድ ወጣ። ሩፋይዳ ፊቱን አየችና ሻርፗን ሰበሰበች።

«ተገኘ?»

«ተገኘ።»

«ደጉን አስቀድምልኝ፣ ሙጄ።»

በሩ ላይ የሚኒባሱ ረዳት ወግዲ፣ ወግዲ እያለ ይጣራል። ልትነሣ ስትል ክንዷን ያዛት።

«ይሂድ። ዛሬ እኔ ጋ ታድሪያለሽ።»

አግዳሚው ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። ስልኩን ለሁለቱም እንዲታይ አድርጎ ያዘና ከክፉው ጀመረ።